ጽንፈ ዓለም አስገኚ ያስፈልገዋል ወይ? ጥያቄውን በጥንቃቄ ለመመርመር የሚረዳ መመሪያ

ጽንፈ ዓለም ከየት መጣ፣ ለመገኘቱስ ፈጣሪ ያስፈልገዋል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ የሚነሡ ክርክሮችን ለረጅም ጊዜ ስከታተል አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዱ ተከራካሪ ስለ ዓለም አጀማመር፣ ሌላው ደግሞ ስለ ዓለም ህልውና እየተናገረ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ጉዳይ የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህም አንዱም ሳይረታ፣ አንዱም ሳይማር ይለያያሉ። ይህን መመሪያ የምጽፈው አማኝም ሆነ ኢአማኒ፣ ጥያቄውን በራሱ አእምሮ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው እኔ የምከተለውን አካሄድ ለማሳየት ነው። እኔ በፈጣሪ የማምን ሰው ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው አንባቢ ፍርዴን ሲመዝን ከየት እንደምነሣ እንዲያውቅ ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት ስመካበት የነበረውን አንድ ማስረጃ ይኸው አካሄድ እንዳስጣለኝም አብሬ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን በሦስት ወረቀት መክፈል

ሦስት ወረቀት ያዘጋጁ። በመጀመሪያው ራስጌ ላይ «ጽንፈ ዓለም ከቀድሞ ሁኔታው ተነሥቶ ዛሬ ወደምናየው መልክ እንዴት ደረሰ?» ብለው ይጻፉ። በሁለተኛው ላይ «ጊዜ ራሱ መጀመሪያ አለውን?» ብለው ይጻፉ። በሦስተኛው ላይ ደግሞ «ምንም ነገር ባይኖር ሲቻል፣ አንዳች ነገር የኖረው ለምንድን ነው?» ብለው ይጻፉ። ከዚህ በኋላ በጉዳዩ ላይ የሚያነቡትንና የሚሰሙትን እያንዳንዱን ሐሳብ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ብቻ ያስፍሩ። የትኛው ላይ እንደሚሰፍር ለመወሰን ያስቸገረዎት ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦችን አንድ ላይ የሰፋ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ለሁለት ይቁረጡት። «ሳይንስ ዓለም ያለ ፈጣሪ ከምንም እንደተገኘ አሳይቷል» የሚለውም፣ «ሳይንስ ዓለም መፈጠሩን አረጋግጧል» የሚለውም እንዲህ ያለ መቁረጥ የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ወረቀት፦ የተለካው

በዚህ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው በመሣሪያ ተለክቶ የተገኘ ዕውቀት ነው። ሃይድሮጂን በላብራቶሪ ውስጥ ሲግል ከሚሰጣቸው የብርሃን መስመሮች አንዱ የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖሜትር የሆነ ቀይ መስመር ነው። ይኸው መስመር ከአንድ ሩቅ ጋላክሲ በመጣ ብርሃን ውስጥ 700 ናኖሜትር ላይ ቢገኝ፣ ሞገዱ በጉዞው በ7 በመቶ ገደማ ተለጥጧል ማለት ነው፤ ብርሃኑ ከተነሣ ወዲህ በመካከል ያለው ሕዋ ራሱ በዚያው መጠን ሰፍቷልና። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፍሪድማን በ1922 ከአይንስታይን የስበት ቀመሮች በመነሣት የሚሰፋ ዓለም ሊኖር እንደሚችል በሒሳብ አሳይቶ ነበር። ቤልጂየማዊው የካቶሊክ ካህንና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር በ1927 ሒሳቡን በጊዜው ከነበሩት የጋላክሲ ልኬቶች ጋር አገናኘው፤ ኤድዊን ሀብል ደግሞ በ1929 በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የማውንት ዊልሰን መመልከቻ ጣቢያ በተገኙ ልኬቶች፣ ጋላክሲዎች ርቀታቸው በጨመረ ቁጥር የሚሸሹበት ፍጥነትም እንደሚጨምር አሳየ። ለሜትር በ1931 ይህን መስፋፋት ወደ ኋላ በመቁጠር፣ ዓለም «ቀዳማዊ አቶም» ብሎ ከጠራው እጅግ የታመቀ ሁኔታ ተነሣ የሚል ሐሳብ አቀረበ።

እዚህ ላይ ለዚህ ሐሳብ (በእንግሊዝኛ «ቢግ ባንግ») የተሰጠው «ታላቁ ፍንዳታ» የሚለው የአማርኛ አጠራር ሊያሳስተን ይችላል። ፍንዳታ ስንል አንድ ነገር በባዶ ቦታ መካከል ፈንድቶ ፍንጣሪው ወደ ዳር ሲበተን ይታየናል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚናገሩለት መስፋፋት ግን መሐልም ዳርም የለውም፤ የሚሰፋው ቦታው ራሱ ነው። «ፍንዳታው የደረሰበት ቦታ የት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ትክክለኛው መልስ «በሁሉም ቦታ» የሚል ነው።

ከማስረጃዎቹ ሁሉ በዝርዝር ሊጠና የሚገባው ግን በ1964 በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት የተገኘው ነው። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለሳተላይት ግንኙነት በተሠራ፣ የመለከት ቅርጽ ባለው ትልቅ አንቴና ሲሠሩ የማይጠፋ ሹክሹክታ ያስቸግራቸው ጀመር። አንቴናውን ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩት፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ በጋም ይሁን ክረምት፣ ድምፁ ያው ነው። በአንቴናው ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ስለነበር ርግቦቹን አስወጥተው፣ ኩሳቸውን ጠርገው፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ፈትሸው እንደገና ቢለኩም ሹክሹክታው አልጠፋም። በዚያው ጊዜ በአቅራቢያቸው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ዲኪ የሚመራ ቡድን፣ ዓለም በጥንት ጊዜ እጅግ ግሎ ከነበረ የዚያ ግለት ቅሪት ዛሬም በሰማይ ሁሉ ሊገኝ ይገባል ብሎ መሣሪያ እያዘጋጀ ነበር፤ ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን ደግሞ ተመሳሳይ ትንቢት በ1948 ጽፈው ነበር። ፔንዚያስና ዊልሰን ያገኙት ይህን ቅሪት ነው። በ1989 የተላከችው ኮቢ የተባለች ሳተላይት ሙቀቱን በጥንቃቄ ለክታ 2.7 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሆኑን አረጋገጠች። ይህ ብርሃን የተለቀቀው ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነውና ሙቀቱ 3,000 ዲግሪ አካባቢ በነበረበት ጊዜ ነው። ከተራው ቁስ ክብደት ሩብ ያህሉ ሄሊየም መሆኑም ከዚሁ የጥንት ግለት ሒሳብ ጋር ይስማማል። በእነዚህ ሁሉ ልኬቶች መሠረት የዛሬው መስፋፋት ከተጀመረ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ይህን ጽፈው ሲጨርሱ ከሥሩ ወፍራም መስመር ያስምሩ። እስካሁን የተጻፈው ጽንፈ ዓለም በጥንት እጅግ ግሎና ታምቆ እንደነበረ ይናገራል እንጂ፣ ከዚያ በፊት ምንም እንዳልነበረ አይናገርም። መስመሩን ሳያሰምሩ ወደ ቀጣዩ ወረቀት የሚያልፉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። «ቢግ ባንግ ፍጥረትን አረጋገጠ» እያልሁ ስከራከር የኖርሁት፣ «ዓለም በጥንት ግሎ ነበር» የሚለውን ልኬት «ዓለም እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር መጣ» ከሚለው የእምነት ቃል ጋር አንድ አድርጌ ስላየሁት ነው።

ከለሜትር የሚወሰድ ጥንቃቄ

ይህን ስሕተት እንድተው ያደረገኝ የለሜትር ታሪክ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በኅዳር 1951 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር፣ አዲሱ ሳይንስ ስለ ዓለም መጀመሪያ የደረሰበትን ዕውቀት ለፈጣሪ ሥራ ምስክር አድርገው አቀረቡት። አዲሱን ንድፈ ሐሳብ ከወለዱት ሰዎች አንዱ የሆነው፣ ካህንም የሆነው ለሜትር በዚህ ሊደሰት ይገባው ነበር ብለን እናስብ ይሆናል። እርሱ ግን ቅር ተሰኘ። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖትና ከሜታፊዚክስ (ከሚለካው ባሻገር ስለ ህልውና ከሚመረምረው ፍልስፍና) ጥያቄ ውጭ እንደሚቆም፣ አማኙንም ኢአማኒውንም ለየራሱ መደምደሚያ ነጻ እንደሚተወው ያምን ነበር። ለሜትር የቅሪተ ብርሃኑን መገኘት ሰምቶ በ1966 ዐረፈ።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል ይገኛል። ከኸርማን ቦንዲና ከቶማስ ጎልድ ጋር በ1948 መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው፣ ቁስ በየጊዜው በጥቂቱ እየተጨመረበት የሚሰፋ ዓለም የሚል ንድፈ ሐሳብ አቀረበ፤ «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስም ራሱ በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ የፈጠረው እርሱ፣ የሚቃወመውን ሐሳብ ለመግለጽ ነበር። ቅሪተ ብርሃኑ ሲገኝ ንድፈ ሐሳቡ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነቱን አጣ። አንባቢ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ ለራሱ አንድ የሥራ ደንብ ሊያወጣ ይችላል፦ አንድን ሳይንሳዊ ውጤት ሲሰሙ ልብዎ ወዲያው ደስ ካለው ወይም ወዲያው ከከፋው፣ ያን ውጤት ከሌላው ሁሉ በበለጠ ጥንቃቄ ይመርምሩት።

ሁለተኛው ወረቀት፦ ጊዜ መጀመሪያ አለውን?

እዚህ ላይ በብዛት የሚያጋጥምዎት ክርክር በ1111 ያረፈው የእስልምና ሊቅ አቡ ሐሚድ አል ጋዛሊ በግልጽ ያስቀመጠው፣ በዘመናችንም አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ሌን ክሬግ ያነሣው ነው። ክርክሩን በሦስት መስመር ይጻፉት። መኖር የጀመረ ነገር ሁሉ አስገኚ አለው፤ ጽንፈ ዓለም መኖር ጀምሯል፤ ስለዚህ ጽንፈ ዓለም አስገኚ አለው። የክርክሩ ቅርጽ ጉድለት የለበትም፤ ሁለቱ መነሻዎች እውነት ከሆኑ ድምዳሜው የግድ ነው። ስለዚህ ድምዳሜውን ለመውደድ ወይም ለመጥላት ሳይቸኩሉ መነሻዎቹን አንድ በአንድ ይፈትኑ።

የመጀመሪያውን መነሻ ሲፈትኑ «መጀመር» የሚለውን ቃል በቅርብ ይመልከቱ። ሸክላ ሠሪዋ ገንቦ ስትሠራ ገንቦው መኖር ጀመረ እንላለን፤ ነገር ግን ጭቃው አስቀድሞ ነበረ። በሕይወታችን ያየነው ጅማሬ ሁሉ እንዲህ ካለው ወገን ነው፦ ያለ ነገር ቅርጹን ሲለውጥ። ጭቃውም ሳይኖር የሚሆን ጅማሬ አይተን ስለማናውቅ፣ ከገንቦ የወሰድነው ሕግ ለጽንፈ ዓለም መሥራቱ በራሱ ክርክር የሚፈልግ ነው። የአቶምንና ከአቶም ያነሡ ነገሮችን ጠባይ በሚያጠናው በኳንተም ፊዚክስ በኩልም ተቃውሞ ይነሣል። የካርቦን 14 አቶሞች ግማሾቹ በ5,730 ዓመት ውስጥ ይፈራርሳሉ፤ ሆኖም ይህኛው አቶም ዛሬ ፈርሶ ያኛው ለሺህ ዓመታት የሚቆይበትን ምክንያት የዛሬው ፊዚክስ አይሰጥም። በእኔ ግምት ግን ይህ ተቃውሞ ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል ጠንካራ አይደለም፤ አቶሙ የሚፈርሰው አስቀድሞ ስላለና የተወሰነ ሕግ ስለሚገዛው ነውና፣ ጊዜው ሳይታወቅ የሚሆን ነገር አስገኚ ከሌለው ነገር ጋር አንድ አይደለም።

ሁለተኛው መነሻ ጽንፈ ዓለም በእርግጥ መጀመሩ ነው። እንግሊዛውያኑ ሊቃውንት ሮጀር ፔንሮዝና ስቲቨን ሆኪንግ በ1970 የአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ እስከ መጨረሻው የሚሠራ ከሆነ መስፋፋቱ ወደ ኋላ ሲቆጠር ቀመሩ ራሱ የሚቋረጥበት ወሰን ላይ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ሆኖም ከነጥብ በኋላ ከ40 በላይ ዜሮዎች በሚደረደሩበት የሴኮንድ ክፋይ ውስጥ፣ ስበትና ኳንተም አንድ ላይ ሊታሰቡ ግድ በሚሆንበት ጊዜ፣ ያ ንድፈ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። ሆኪንግ ራሱ በ1983 ከጄምስ ሃርትል ጋር ባቀረበው ሐሳብ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ሲሄድ የቦታን ጠባይ ስለሚይዝ የመጀመሪያ ጠርዝ የሚባል ነገር አይኖርም ብሏል፤ ከሰሜን ዋልታ በስተ ሰሜን ምን አለ ብሎ መጠየቅ ትርጉም እንደማይኖረው ማለት ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ አርቪንድ ቦርድ፣ አለን ጉዝና አሌክሳንደር ቪለንኪን ደግሞ በ2003 በአማካይ ሲሰፋ የኖረ ዓለም ሁሉ መስፋፋቱ ወደ ኋላ ያለ ወሰን ሊቀጥል እንደማይችል አረጋገጡ፤ ወሰኑ ላይ ምን እንዳለ ግን ይህ ሒሳብ አይናገርም። ስለዚህ በሁለተኛው ወረቀት ግርጌ «ገና አልተዘጋም» ብለው ቢጽፉ ትክክል ነዎት።

«ምንም» የሚለው ቃል ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል። አንዳንድ የፊዚክስ ሊቃውንት ዓለም ከምንም ሊገኝ ይችላል ሲሉ፣ ምንም የሚሉት የኳንተም ባዶነትን ነው፤ ይህ ባዶነት ግን ኃይል አለው፣ መስኮች አሉት፣ ሕግ አለው። ቪለንኪን በ1982 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህም አልፎ ቦታና ጊዜ ሳይኖሩ ዓለም ስለሚወለድበት ሒሳብ ይናገራል፤ ያም ቢሆን የኳንተም ሕጎችን እንዳሉ ይወስዳል። በሌላ በኩል «አልቦ» ሲባል ሕግም፣ ኃይልም፣ የመሆን ዕድልም የለም ማለት ነው። በክርክር መካከል ይህ ቃል ሲነሣ ቆም ብለው «ምንም ሲሉ ሕግ አለ ወይስ የለም?» ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ሙግት በዚህ አንድ ጥያቄ መልክ ይይዛል።

ሦስተኛው ወረቀት፦ የህልውና ጥያቄ

የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ለዚህ ወረቀት ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ይስጡት። የካቶሊክ የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ዓለም መጀመሪያ ያለው መሆኑን በእምነት እንደሚቀበል፣ በአመክንዮ ብቻ ግን ሊረጋገጥ እንደማይችል ጽፏል። ሆኖም ዓለም ፈጣሪ እንደሚያስፈልገው አልተጠራጠረም። እነዚህ ሁለት አቋሞች እንዴት አብረው እንደሚቆሙ ለመረዳት መስታወት ፊት የቆመ ሰውን ያስቡ። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ምስል ሰውየው እስከቆመ ድረስ አለ፤ ዞር ሲል ይጠፋል። ሰውየው ከዘላለም ጀምሮ እዚያ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምስሉም ከዘላለም በኖረ ነበር፤ ቢሆንም በየቅጽበቱ በሰውየው ላይ የተደገፈ መሆኑ አይቀርም። የገንቦው ነገር የተለየ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ብትሞትም ገንቦው ይቀራል። ጽንፈ ዓለም ለፈጣሪው እንደ ገንቦ ነው ወይስ እንደ ምስል ነው ብለው ይጠይቁ። እንደ ምስል ከሆነ የቢግ ባንግ ቀን መታወቁም አለመታወቁም ጥያቄውን አይነካውም።

ከአኩዊናስ በፊት የእስልምናው ዓለም ፈላስፋ ኢብን ሲና (980–1037) ይህንኑ መንገድ ጠርጎት ነበር። ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር ሁሉ ህልውናውን ከሌላ ይወስዳል፤ እንዲህ ያሉ ነገሮች ቁጥራቸው የቱንም ያህል ቢበዛ ድምራቸው ያው ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነው፤ ስለዚህ አለመኖር የማይችል፣ ህልውናው ከራሱ የሆነ አንድ መኖር አለበት የሚል ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝም በ1714 ምንም ከሚሆን አንዳች ነገር የሆነው ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ በዚሁ መንገድ ላይ ነበር።

መልሱንም በዚያው ጥንካሬ ይጻፉ። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው መቶ ዓመት ያነሣው ተቃውሞ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ምክንያት ከታወቀ ለጠቅላላው ሌላ ምክንያት መፈለግ ትርፍ ነው የሚል ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በ1948 ከኢየሱሳዊው ካህን ፍሬድሪክ ኮፕልስተን ጋር በቢቢሲ ሬዲዮ ሲከራከር ደግሞ፣ ጽንፈ ዓለም እንዲሁ አለ፣ ከዚያ በላይ የሚባል ነገር የለም የሚል አቋም ይዟል፤ ሰው ሁሉ እናት ስላለው የሰው ዘር በጠቅላላ አንድ እናት አለችው እንደማይባል፣ የክፍሎቹ ምክንያት መኖር ለጠቅላላው ምክንያት አይሆንም። ይህ ቀላል መልስ አይደለም፤ ንቀው የሚያልፉት አማኞች ተሳስተዋል እላለሁ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ፣ ሁለቱም ወገኖች ምክንያት መጠየቅ የሚያቆሙበት ቦታ እንዳላቸው ይታያል። አንዱ በፈጣሪ ላይ ይቆማል፣ ሌላው በዓለም ላይ። ስለዚህ «ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ረቺ መልስ መቅረቡ ተገቢ አይደለም፤ ክርክሩ ሁሉም ነገር አስገኚ አለው አላለምና። ሆኖም አማኙ «ከራሱ የሆነ ህልውና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማስረዳት ዕዳ አለበት፤ ኢአማኒውም ሌላ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ የሚመስሉ ሕጎችና መጠኖች ላይ ቆሞ ከዚህ በላይ አትጠይቁ የሚልበትን ምክንያት የማስረዳት ዕዳ አለበት። እኔ የመጀመሪያው ዕዳ የሚከፈል ይመስለኛል፤ ሁለተኛው የሚከፈል አይመስለኝም። እምነቴ ዛሬ የቆመው በዚህ ፍርድ ላይ ነው እንጂ በቢግ ባንግ ላይ አይደለም። ይህ ክርክር ቢያሸንፍ እንኳ የሚያደርሰው ህልውናው ከራሱ ወደሆነ አንድ አስገኚ ነው፤ ያ አስገኚ ጸሎት ይሰማል፣ ሕግ ይሰጣል ለማለት ሌላ መንገድና ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል።

የጽንፈ ዓለም መጠኖች ለሕይወት ታስበው የተመጠኑ ይመስላሉ በሚለው ላይ የሚነሣውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። ሆይል በ1953 የካርቦን ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) አንድ የተለየ የኃይል ደረጃ ባይኖረው ኖሮ በከዋክብት ውስጥ በቂ ካርቦን ሊሠራ እንደማይችል አስልቶ፣ ደረጃው በእርግጥ በሙከራ መገኘቱ ብዙዎችን አስደንቋል። አንዳንዶች ይህን የዐቅድ ምልክት ያደርጉታል፣ ሌሎች እጅግ ብዙ ጽንፈ ዓለማት አሉ በሚል ይመልሱታል። ያየነው ጽንፈ ዓለም አንድ ብቻ ስለሆነ «የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» የሚሉ ቁጥሮችን በጥርጣሬ ይቀበሉ። በዕውቀት ክፍተት ላይ እምነትን መትከልም አደጋ አለው፤ ኒውተን የፕላኔቶች ምሕዋር ከጊዜ ብዛት እየተዛባ የፈጣሪን ማስተካከያ የሚሻ መስሎት ነበር፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ግን በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ መዛባቱ በስበት ሕግ ራሱ ተመልሶ እንደሚቃና በሒሳብ ለማሳየት ችሏል።

ወረቀቱን ለሌላ ሰው መስጠት

በመጨረሻ ሦስተኛውን ወረቀት ገልብጠው በጀርባው የተቃራኒዎን ሐሳብ ከራስዎ ሐሳብ እኩል ቦታ ሰጥተው ይጻፉ፤ ከሥሩም ምን ቢገኝ ወይም ምን ቢረጋገጥ አቋምዎን እንደሚለውጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያክሉ። ከዚያ ከእርስዎ ጋር ለማይስማማ፣ ለሚያከብሩት ሰው ይስጡትና «ይህ በእርግጥ እርስዎ የሚሉት ነው?» ብለው ይጠይቁት። «አይደለም» ካለ እርማቱን በራሱ እጅ እንዲጽፍ እርሳሱን ይስጡት። እኔ የመጀመሪያውን ጽሑፌን በፈጣሪ ለማያምን አንድ ወዳጄ በሰጠሁት ጊዜ፣ «ዓለም በአጋጣሚ ተገኘ» ብዬ የጻፍሁለትን ዓረፍተ ነገር አንብቦ «በአጋጣሚ ተገኘ» የሚለውን ሰረዘና በላዩ ላይ «አለ» ብሎ ጻፈበት። «አጋጣሚ» የሚለው ቃል የእኔ እንጂ የእርሱ አልነበረም፤ የወረቀቱንም ጀርባ እንደ አዲስ ጻፍሁት።